የተቀዳው ሰላምታ

ሃሊፋክስ በሚገኘው የጠበቃ ቢሮ የእንግዳ ተቀባይዋ ማርሊስ ዓይን ወረፋ ከሚጠብቁት ሽማግሌ ላይ አልነቀል አለ። መኪና ከገጫቸው ወዲህ አንገታቸው በድጋፍ ታስሯል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፏል። ክራንቻቸው ወንበር ሲነካ እንኳ ወንበሩን «ይቅርታ» ይሉታል።

ስልካቸው ጮኸ። ፊታቸው በራ።

«ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና! አንቺስ?»

ሲዘጉ ማርሊስ፣ «ማን ነው አባባ?» አለቻቸው።

«የገጨኝ ሰውዬ ኢንሹራንስ ሠራተኛ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ድምፄን ለመቅዳት እንኳ አስፈቀደችኝ።»

ማርሊስ ክው አለች። «ደህና ነኝ አሏት? ይሄ እኮ ነገ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ይመጣብዎታል!»

ሽማግሌው ስልኩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ቀስ ብለው ከተቱት።

«ምን ላድርግ ልጄ? ከአደጋው ወዲህ እንዴት ነህ ብሎ የደወለልኝ እሷ ብቻ ናት።»