የእናቴ አስተማሪ

እናቴ ማንበብና መጻፍ መማር መጀመሯን የሰማሁት ከራሷ አፍ አይደለም። በስብሰባ መሀል፣ ከሥራ ባልደረባዬ አፍ ነው። ይባስ ብሎ፣ የምታስተምራት ያቺው ባልደረባዬ ነበረች።

እኔ አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ነኝ። አስተማሪ ሳይሆን አመቻች የሚሉን፣ ትልቅ ሰው እየተወያየ እንጂ እንደ ሕፃን እየተቆጡት አይማርም በሚል ነው። ተማሪዎቼ ግን መምህርት ነው የሚሉኝ። ክፍሌ ወደ ጫሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ መረባቸውን ሰቅለው፣ ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ቢላቸውን አጥበው ይመጣሉ። አዳራሹ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። በሥራዬ ማንም አያማኝም ነበር።

እናቴ ግን እምቢ ብላኛለች። እናቴ በወጣትነቷ ከገረሴ ደጋ ወርዳ፣ ሲቀላ ገበያ ሃለኮ የምትሸጥ ሴት ናት። ሃለኮ የምንለው ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል ነው። በዚያ ቅጠል አሳድጋኝ፣ በዚያ ቅጠል ኮሌጅ አስገብታኛለች። ሥራ እንደያዝኩ መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ማስተማር ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ትንሽ ሰሌዳ ሰቀልኩ፤ እርሳስ ገዝቼ ቀኝ እጇ ላይ አስያዝኳት። ጥቂት ቀን ተቀመጠችልኝ። ከዚያ ራሷን አመማት፤ ከዚያ ዓይኗ አስቸገራት፤ ከዚያ ለቅሶ መድረስ ነበረባት። በመጨረሻ፣ «ተይኝ ልጄ፤ የእኔ ጭንቅላት የለመደው ቅጠል ማሰር ነው» አለችኝ። ተውኳት። አትፈልግም ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በየወሩ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የከተማው አመቻቾች በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንሰበሰባለን። የሚመሩን ከሰሜን በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ሪፖርት አትንገሩኝ» ይላሉ ሁልጊዜ። «ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ለጽሕፈት ቤቱ ስጡ። እኔ የምፈልገው በዚህ ወር ግራ ያጋባችሁን ነገር ነው።» መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንሽኮረመም ነበር። ግራ ገባኝ ማለት ሥራዬን አላውቅም እንደማለት ይመስለን ነበር። እያደር ግን ለመድነው። እኔማ ከመልመድም አልፌ እወደው ጀመር። መምህሩም ስናገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። አዲሷ እስክትመጣ ድረስ።

አዲሷ አመቻች በዕድሜ በጣም ታንሰኛለች። ከገረሴ በቅርብ የመጣች ልጅ ናት፤ ጋሞኛዋ የእናቴ ጋሞኛ ነው። የእኔ ቆላ ተወልዶ ከአማርኛ ጋር የተቀላቀለ ነው። ስትናገር አትቸኩልም፤ የማታውቀውን አላውቅም ስትል ፊቷ አይቀላም። መምህሩ እሷ ስትናገር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ለእኔ አውልቀው አያውቁም። ይሄን የሚያህል ትንሽ ነገር ሰው ያማል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ ያማል።

በዚያች ቅዳሜ ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች።

«ከተማሪዎቼ አንዲት እናት አለች። ገበያ ሃለኮ ትሸጣለች። ከሁሉ ቀድማ ነው የምትመጣው። መጀመሪያ በቀኝ እጇ ለመጻፍ ስትታገል አይቼ፣ እናቴ፣ በየትኛው እጅሽ ነው ቅጠሉን የምታስሪው ብላት በግራ አለችኝ። በግራሽ ጻፊ አልኳት። ከዚያ ወዲህ እጇን የሚያቆመው የለም። ግራ ያጋባኝ ግን ምን መሰላችሁ? ልጇ እንደኛው መምህርት ናት። እሷ እንዳትሰማብኝ ብላ ቃል አስገብታኛለች። ለጸሎት ነው የምሄደው ብላ ነው ከቤት የምትወጣው።»

የእሷ ክፍል ከገበያው ጀርባ ባለው ጸሎት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ለጸሎት የምትሄደውም እዚያው ነው። ግራኝ መሆኗን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያም ሆኖ እርሳሱን ቀኝ እጇ ላይ ያስያዝኳት እኔው ነኝ።

መምህሩ መነጽራቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲህ ስለዚህች ልጅ እናስብ» አሉ። «እናት ከገዛ ልጇ ተደብቃ የምትማረው ለምን ይመስላችኋል?»

ሁሉም ስለ እኔ ማውራት ጀመረ። አንዱ፣ «ትዕቢተኛ ትሆናለች፤ ትንሽ የተማረ ሰው እናቱን ይንቃል» አለ። ሌላዋ፣ «በእናቷ ታፍር ይሆናል» አለች። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «ቁጡ ናት፤ ውርርድ እገባለሁ» ብሎ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። እኔም አብሬው ፈገግ አልኩ፤ ጉንጬ ግን የራሴ አልመስል አለኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ መምህሩ።

«ልጅቷን ማን ጠየቃት?» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። «ለማስተማር ለምና እምቢ ተብላ ቢሆንስ? ስለ እናትየዋ ሁላችንም አሰብን። ስለ ልጅቷ ማን አዘነ?»

መምህሩ መነጽራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ብዙ ሰዓት የቆዩ እስኪመስል አዩኝ። ይሄን ያህል ጊዜ የተመኘሁት አስተያየት ነበር። ደስ ሊለኝ ግን አልቻለም።

በስብሰባው ማብቂያ፣ ለሚቀጥለው ወር ማን የማንን ክፍል እንደሚጎበኝ እንመዳደባለን። የምንጎበኘው ለመፈተሽ ሳይሆን፣ ራሳችን ማየት ያልቻልነውን ሌላ ሰው እንዲያይልን ነው። ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ። «እኔ የእሷን ክፍል ልይ።»

አዲሷ ደስ ብሏት፣ «እንዴታ! ስንት ነገር ትነግሪኛለሽ» አለች።

ማክሰኞ እናቴ ስትመለስ ቀሚሷ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበረ።

«ጸሎቱ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ጥሩ ነበር፤ ላንቺም ጸለይኩ» አለችና እግሯን ልትታጠብ ወጣች። ለምን እንዳልጠየቅኳት አላውቅም። ራሷ እንድትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ ሄድኩ። ክፍሉ በሌላ ቀን የሰንበት ልጆች የሚማሩበት የቆርቆሮ ቤት ነው። እናቴ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ባዶ ቅርጫቷ እግሯ ሥር ነው። አዲሷ፣ «ዛሬ እንግዳ አለችን፤ እኔን ልታይ እንጂ እናንተን ልትፈትን አልመጣችም» አለቻቸው። ሁሉም ዞሩ። እናቴም ዞረች። ዓይናችን ተጋጠመ። ፊቷ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ» አልኩና ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ዝናብ ነበር። ስለ ዘር ጊዜ፣ ስለ ጎርፍ፣ የአባያ ውሃ ስላጥለቀለቀው ማሳ ሲወያዩ ቆዩና፣ አዲሷ ዝናብ የሚለውን ቃል በጋሞኛ እንድትጽፍ እናቴን ወደ ሰሌዳው ጠራቻት። እናቴ ጠመኔውን በግራ እጇ ያዘች። ጻፈች። አንድ ፊደል ዘለለች።

ከአግዳሚው አንዲት ሴት፣ «እንዴ! ዝናቡ አልወረደም እኮ፤ ግማሹ ሰማይ ላይ ቀርቷል!» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እናቴን አየኋት፤ አሁን ታፍራለች፣ አሁን ቅርጫቷን አንስታ ትወጣለች ብዬ። እሷ ግን በነጠላዋ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ይህን ሳቅ እቤቴ ሰምቼው አላውቅም። አዲሷ ጠመኔ አልነጠቀቻትም፣ ፊደሉንም አልነገረቻትም። «በይ የቀረውን አውርጂልን» አለቻት ብቻ። እናቴ የአዲሷን ትከሻ ተደግፋ፣ «ቆይ ልጄ፤ ቆይ፣ አትቸኩይ» አለችና የጎደለውን ፊደል ፈልጋ አገኘችው።

ልጄ። የተደገፈችውን ትከሻ አየሁት። ጠመኔው ነጭ ምልክት ትቶበታል። የሚቀጥለውን ግማሽ ሰዓት ከዚያ ምልክት ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ከግቢው ለየብቻ ወጣን። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጎን ለጎን ሄድን።

«መቼ አወቅሽ?» አለችኝ በጋሞኛ።

«ስብሰባ ላይ ስለ አንቺ ሲወራ ሰማሁ።»

«ተናደድሽ?»

«አይ።»

«ፊትሽ ግን ተናዷል።» ቅርጫቷን መሬት ላይ አኖረች። «ይኸውልሽ፣ ነገሩ እሱ ነው። ቤት ስታስተምሪኝ ፊደሉን መች አየሁት? ያንቺን ፊት ነበር የማየው። ደከማት? አዘነችብኝ? ልትቆጣ ነው? ትንሽ ሆነሽ ትኩሳት ሲይዝሽ ሌሊቱን ሙሉ ሳየው ያደርኩት ፊት ነው፤ ምንም አይደበቀኝም። ያቺን ልጅ ግን አላውቃትም። ብትቆጣ ባትቆጣ ምን አገባኝ? ፊደሉን አያለሁ።»

«ልጄ ትያታለሽ።»

«ማንን?»

«እሷን። ልጄ አልሻት።»

«ታዲያ ምን ልበላት? አክስቴ?» ሳቀች። «ገበያ ላይ ሁሉንም ደንበኛ ልጄ አይደል እንዴ የምለው?»

ልታጽናናኝ ነበር። አልተጽናናሁም። ቅርጫቷን ተቀበልኳትና ቤታችን ገባን።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያየሁትን እንድናገር መምህሩ ጠየቁኝ። ከሥራው ጀመርኩ። በር አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ አንድም ቃል ሳትናገር እንደወጣች፣ ጠመኔው ድምፃቸው ከፍ ወዳለ ሴቶች ብቻ እንደሚሄድ ነገርኳት። እውነት ነበር። ነገር ግን ስናገረው መጣፈጡ አልቀረም። አዲሷ፣ «አላየኋትም! በአምላክ፣ አላየኋትም» ብላ አመሰገነችኝ። ምስጋናዋ ራሱ አናደደኝ።

«ይሄ ስለ እሷ ነው» አሉ መምህሩ። «አንቺስ? እዚያ ተቀምጠሽ ምን ተሰማሽ?»

ብዙ ልል የምችለው ነበር። ያን ቀን ጠዋት ስመጣ በሐሳቤ ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር።

«ቀናሁ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም።

«ያቺ እናት የእኔ እናት ናት። ቤት ሰሌዳ ሰቅዬላት እምቢ ያለችኝ እናቴ ናት።»

አዲሷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ውይ እህቴ! ውይ! እኔ ምን አውቄ...» ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። «ወደ አንቺ ክፍል ትምጣ። እኔ አሳምናታለሁ፤ እሺ ትለኛለች።»

እሺ ትለኛለች! የገዛ እናቴን ልታሳምንልኝ! እናቴ በዓሣ ሽታው አዳራሽ፣ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ያኔውኑ እዚያው አግዳሚ ላይ ሆና፣ ከሰሌዳው ይልቅ ፊቴን ስትመረምርም ታየችኝ።

«ተያት» አልኩ። «ካንቺ ጋር ትጨርስ።»

ትዕቢተኛ ናት ያለው አመቻች ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የእሱም ሚስት የምትማረው ከተማው ማዶ ሴቻ ሌላ ሰው ዘንድ መሆኑን፣ ይህንንም ለማንም ነግሮ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው እስከ ምሳ ሰዓት አላለቀም።

ወደ ክፍሌ ስመለስ አንድ ነገር አየሁ። ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ተማሪ አለኝ፤ አጠገቡ ስቆም እርሳሱን ያቆምና ሽቅብ ያየኛል። እንድረዳው የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሲጽፍ ወደ መስኮቱ ሄጄ ወደ ውጭ መመልከት ጀመርኩ። መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ አጎንብሶ ቀጠለ። ወደ መስኮቱ ዞሮ መቆም ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ተማሪዎቼ የሚያስፈልጋቸው እኔ ሳልሆን ሌላ አስተማሪ የሆነ ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ላይ የአዲሷ አባት ታመሙና ገረሴ ወጣች። መምህሩ ደውለው፣ «እስክትመለስ ክፍሏን ትይዥልኛለሽ?» ሲሉኝ፣ ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። በልቤ ምን እንደተመኘሁ መናገር አያስፈልገኝም።

ሴቶቹ በትሕትና ተቀበሉኝ። እናቴ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ «መምህርት፣ የእኛዋ መጀመሪያ ታወያየናለች፤ ከዚያ ነው የምታጽፈን» አለችኝ በሰው ፊት። በሁለተኛው ቀን፣ «የእኛዋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው» አለች። ስትቸገር እኔን አትጠራም፤ ጎረቤቷን ትጎነትላለች። እኔም ወደ እሷ አላይም ነበር። በር አጠገብ ወዳለችው ዝምተኛ ሴትዮ እሄድና እዚያ እቀመጣለሁ። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ ማውራት ጀመረች፤ ለካ ወሬዋ አያልቅም።

አንድ ቀን እናቴ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ጠራችኝ። «መምህርት፣ ይህን ይዩልኝ።»

አየሁት። ልክ ነበር። ስለ ቅጠልና ስለ ገበያ ቀን ነበር የጻፈችው። «ልክ ነው» አልኳትና አለፍኩ፤ ትንሽ ብቆይ ፊቴን ታየዋለች ብዬ።

«በቃ?» አለች ከኋላዬ። «ያቺ ትልቅ ምልክት ታደርግልኛለች።»

ተመልሼ ትልቅ ምልክት አደረግኩላት። ገጹን የሚያህል።

አዲሷ የተመለሰችው አባቷ ከተሻላቸው በኋላ፣ ክፍል በነበረን ሐሙስ ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የገረሴ ድንች ይዛ ከባጃጅ ወረደች። እናቴ ከአግዳሚዋ ዘልላ ተነስታ በሩ ላይ አቀፈቻት፤ አገላብጣ ሳመቻት፤ ስለ አባቷ ጠየቀቻት። በደጋው ጋሞኛ ያወሩት ፈጥኖብኝ ግማሹ አመለጠኝ። ከዚያ አዲሷ እየሳቀች ወደ እኔ ጠቁማ፣ «እንዴት ናት? ጥሩ አስተማረቻችሁ?» አለች።

እናቴ አሰበችበት። «ትሞክራለች» አለች።

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። ማዳበሪያው ባጃጁ አጠገብ መሬት ላይ ቀርቷል። ወዲያ ወዲህ ተመለከትኩ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ትከሻዬ ላይ አድርጌው ተከተልኳቸው።