እፉኝቷና ልሳነወርቅ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም፣ ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ሥር ሣር አጫጆች አንዲት እፉኝት ገድለው ሰው ከቧት ነበር። ወጣቶቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዱ በእንጨት እየገለበጠ «ውፍረቷን እዩልኝ!» ይላል። እኔ አንዴ አይቼ ተመለስኩ። ምሳም አልበላሁ። ባልደረቦቼ ፈርቼ መስሏቸው ሲስቁብኝ ዋሉ፤ ይሳቁ።

ደርግ ወድቆ ሦስት ዓመት ግድም ሲሆን፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ እማር ነበር። ዕድሜዬ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። የኔታ ጠዋት የቅኔውን መንገድ ካሳዩን በኋላ በደብሩ ደን ውስጥ እንበታተንና፣ ከየዛፉ ሥር ብቻችንን ተቀምጠን የየራሳችንን ቅኔ እንቆጥራለን፤ አዲስ ቅኔ በሐሳባችን እንፈጥራለን ማለት ነው። ቆጠራ ላይ ያለ ተማሪ ዘንድ አይኬድም። ቢያቃስት፣ ግንባሩን ቢመታ፣ ቢጮኽ እንኳ ቅኔው አልመጣ ብሎት ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ራሴ ስንት ቀን እንደ እብድ ጮኼያለሁ።

ልሳነወርቅ የግሽ ዓባይ ልጅ፣ የጎጆ ባልንጀራዬ ነበር። ለምነን ያመጣነውን የዳጉሳ እንጀራ ቁራሽ ከአንድ አኮፋዳ ነው የምንበላው። በቅኔ ግን እንፎካከር ነበር። በዚያ ሰሞን ከቆጠራ ላይ ጠርቶኝ፣ ያሰብኩትን አስነግሮኝ፣ የኔታ ፊት ቀድሞኝ በእኔ ሐሳብ ተመሰገነ። በጣም ተቀይሜዋለሁ።

ወሩ ኅዳር ነው። ከደኑ ባሻገር ዳጉሳ ይታጨዳል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖታል። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል። እፉኝት ግን ቅጠል መስላ እዚያው ትተኛለች፣ እስኪረግጧት ድረስ። ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ልሳነወርቅ ከተቀመጠበት በኩል ጩኸት ሰማሁ። ቀጥሎ ጠራኝ።

«ጥበቡ! ኧረ ጥበቡ፣ ናልኝ!»

«ዛሬስ ሐሳቤን አታገኛትም» አልኩ በሆዴ፤ ደበሎዬን ወደ ጆሮዬ ሳብኩ። ሁለተኛ ጠራኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ማቃሰት ብቻ ሆነ። ሌሎቹም ሰምተዋል፤ ቅኔ ያስጨነቀው መስሏቸው ዝም አሉ። እንዲያውም ልናገረውና፣ ያን ቀን የቆጠርኩት ቅኔ ጥሩ ነበር።

ለምሳ ስንሰበሰብ ልሳነወርቅ ቀረ። ሄደን ስናየው እግሩ እስከ ጭኑ አብጦ ጠቁሯል። በደረቱ እየተሳበ ቅጠሉን ቧጥጦታል፤ የመጣው ወደ እኔ ዛፍ በኩል ነው። የኔታ አጠገቡ ተንበርክከው «ማንም አልሰማም ወይ፣ ልጆቼ?» አሉ። እኔ ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ሮጥኩ። በቃሬዛ እየተቀባበልን ቡሬ አደረስነው። ሐኪሙ እግሩን አይቶ «ምነው ጠዋቱን ብታመጡት» አለ። በማግስቱ ሞተ።

እናቱ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ከግሽ ዓባይ ደረሱ። ባልንጀራው እኔ እንደሆንኩ ተነግሯቸው ኖሮ፣ በቀጥታ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ስትነድፈው ሰው ተጣርቶ ነበር?»

«የለም፣ እናቴ። አልተጣራም። እንቅልፍ እንደወሰደው ነው ያገኘነው።»

«ተመስገን» አሉ፤ እጄን ሳሙት።

ቅኔውን በዚያው ዓመት ትቼ አስኳላ ገባሁ። ለምን እንደተውኩ የሚጠይቀኝን ሁሉ ራሴን እያመመኝ ነው እለዋለሁ። የዋሸሁት ለእርሳቸው አዝኜ ነው እያልኩም ብዙ ዘመን ራሴን አታለልኩ። ለእርሳቸው አልነበረም፤ እጄን እንዳይለቁኝ ፈርቼ ነው። አሁን እርሳቸውም አርፈዋል፤ እውነቱን የምነግረው ሰው የለኝም። ተጣርቶ ነበር፣ እናቴ። የጠራውም እኔን ነው።