የዓምሃ ድምፅ ያለበት ቴፕ

እትዬ ዘርትሁን ሽሮ ሜዳ፣ እኛ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ጥጥ እየፈተሉ ለሸማኔዎች ያስረክባሉ። አንድ ልጃቸው ዓምሃ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄደ። እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው ላከላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካሴቱን እየሰሙ ሳለ መብራት ሄደ። አሁን ይመጣል ብለው ቴፑ አጠገብ ቁጭ አሉ። ሲመጣ ግን አምፖሉ ቦግ አለ፤ ቴፑም ጧ ብሎ ጨሰ። የልጃቸው ድምፅ የተቃጠለ መሰላቸው።

በነጋታው ቴፑን በጋቢ ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈውት፣ ዊንጌት ሬዲዮ ሠሪው ቶለሳ ዘንድ ሄዱ። ቶለሳ ጀርባውን በካቻቢቴ ፈታ።

«ልጄ፣ ድምፁ ተርፏል?»

«እማማ፣ የተቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ካሴቱን ምንም አልነካውም» አለና አውጥቶ በራሱ ቴፕ አጫወተላቸው።

«እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው...»

እትዬ ዘርትሁን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቶለሳ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

በሳምንቱ ጠግኖ ሲያስረክባቸው፣ «መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ይንቀሉ» አላቸው። «ሲመለስ አንዳንዴ ኃይሉ በዝቶ ነው የሚመጣው። አምፖሉ ሳይርገበገብ ትንሽ ሲቆይ ያኔ ይሰኩ።»

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር እትዬ ዘርትሁን ደጅ ወጥተው «ንቀሉ!» እያሉ ይጮሁ ጀመር። ከግቢያችን ቴሌቪዥን ያላቸው ጋሽ ዋቅቶላ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ይስቁባቸዋል።

«ዘርትሁን፣ የመብራት ዘበኛ ሆንሽ እንዴ?»

ሐምሌ ውስጥ አንድ አመሻሽ ከእንጦጦ በኩል መብረቅ ሲያጓራ መብራት ጠፋ። ጋሽ ዋቅቶላ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ቤታቸው ያለነው እኛ ቴሌቪዥን ልናይ የተሰበሰብን ልጆች ነን። እትዬ ዘርትሁን በዝናብ ሮጠው ገቡና ሶኬቱን መዘዙት። መብራቱ ሲመለስ የቤቱ አምፖል ፈነዳ። ቴሌቪዥኑ ግን ምንም አልሆነም።

ጋሽ ዋቅቶላ ሲመለሱ ስብርባሪውንና የተነቀለውን ሶኬት አዩ። በነጋታው ከቀበሌ ያመጡትን ስኳር ይዘው እትዬ ዘርትሁን ቤት ገቡ። «በቃ፣ ይቅር በይኝ» አሏቸው።

ለመስቀል ዓምሃ የዐሥር ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። እናቱ ካሴቱን ሲያሰሙት የራሱን ድምፅ ሰምቶ አፈረ።

«እማዬ፣ ኧረ ዝጊው!»

አልዘጉትም። እጁን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙት።