ለሚካኤል የተሳልሁት ጥላ

ልቤ ተተኩሶ ደባርቅ ስመለስ ጎረቤት ሁሉ ጠባሳውን ካላየን አለ። በእኛ አገር በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለው፤ ከብቱም ሰውም። እኔን ግን አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ እስከ ልቤ ድረስ ዘልቀው ነው ምቱን የሚያዛባውን ቦታ ያቃጠሉት። ብሽሽቴን ደግሞ ለማንም አላሳይም፤ ሠላሳ ዓመት ዳባት ሂሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። አንዷ ጎረቤታችን ደረቴን ትክ ብላ አየችና፣ "አይ መምህር፣ ሳይነኩዎት ነው የላኩዎት" ብላ፣ ያመጣችውን አጥሚት አስቀምጣ ሄደች።

ከመሄዴ በፊት ለኅዳር ሚካኤል ተስዬ ነበር፤ "ልቤን ብታስተካክልልኝ ጥላ አስገባለሁ" ብዬ። ስለቴን ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ስመለስ ባለ ወርቅ ዘርፍ ቀይ ጥላ ገዝታ ቤታችን ጥግ አቁማው አገኘሁ። ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልጠየቅኋትም።

በተመለስሁ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ከረጢት ውስጥ እንደገባች ዶሮ ይንፈራገጥ ጀመር። ፎጣውን እንደያዝሁ ቁጭ አልሁ። በጣም ፈራሁ። ይባስ ብሎ በዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ስለት የሚያስገባ ሰው በሕዝብ ፊት "ስለቴ ሰመረ" ማለት አለበት። እንዲህ እየተንፈራገጠ እንዴት ብዬ ነው በታቦት ፊት የምዋሸው?

ለሐኪሙ ደወልሁ።

"ሦስት ወር ይታገሡ ብዬዎት ነበር እኮ" አለኝ። "ቁስሉ እስኪሽር ምቱ ሊመለስ ይችላል። አልተሳካም ማለት አይደለም።"

"ታዲያ ተሳክቷል?"

"እሱንም ገና ማለት አልችልም። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ደረትዎን ካመመዎት ግን ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂዱ።"

እውነትም ሐሰትም ያልሆነ መልስ ተማሪ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ነገሩን ሳስረዳቸው እጄን ያዙና በመቁጠሪያቸው ምቴን ይቆጥሩ ጀመር። አሥራ ሁለት ላይ ጠፋባቸው። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ጠፋባቸው።

"ይኸ ልብ ቁጥር አያውቅም! የሂሳብ መምህር አይዶለህም እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። "በል ለሚስትህ ንገራት። እሷ ሳታውቅ ጥላው ከቤት እንዳይወጣ።"

እነግራታለሁ ስል ሦስቱ ቀን አለቀ። በበዓሉ ጠዋት ጥላውን ታቅፌ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ እንደ ሌባ ከኋላዋ ተከተልሁ። ደጀ ሰላሙ ላይ ጫማችንን ስናወልቅ ግን አላስቻለኝም።

"ልቤ ሕመሙ ተመልሶበታል" አልኋት። "ስለቴ አልሰመረም። ወደ ቤት እንመለስ።"

"አውቄያለሁ" አለች፣ የጫማዋን አቧራ እያራገፈች። "ፎጣ ይዘህ የተቀመጥህ ዕለት ነው ያወቅሁት። ትነግረኛለህ ብየ ስጠብቅ ነበር።"

"ታዲያ ጥላውን ምን እናድርገው?"

"ጥላው የኔ ስለት ነው። ያንተን ስትድን ገዝተህ ታስገባለህ።"

"ምን ብለሽ ተሳልሽ?"

"በእግሩ መልስልኝ ብየ።"

አዲስ አበባ ስሄድ "ሽቦ ነው፣ ምንም አይደል" እያልሁ ስቀልድባት፣ እሷ ለካ ሬሳዬ በመኪና ሲመጣ እየታያት ነው የከረመችው። አፈርሁ። ጥላውን አቀበልኋት።

ዘርግታው ወደ ሕዝቡ መሀል ገባች። ቤት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ድምፅ ማጉያውን ከዲያቆኑ ተቀብላ፣ "ስለቴ ሰመረ! ባሌን በእግሩ መለሰልኝ!" ብላ ጮኸች። እልልታው ቀለጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ ቁልቁል ወደ እግሬ አየ፤ እኔም አብሬያቸው አየሁ። ልቤ እንደ ልማዱ ይዘላል፤ እግሮቼ ግን ባዷቸውን፣ አቧራ እንደነካቸው፣ ቆመዋል።