ተተኪ አስተናጋጅ

በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የተቀመጠው ሰው ሸሚዙ አዲስ ነው፤ የፋብሪካ እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀውም። ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ጆሮው ሥር ግን የሳሙና አረፋ ደርቆ ቀርቷል።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት አጠገቡ የተቀመጡት እናት።

ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ካጣ ቆይቷልና ፊቱ በራ።

«የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን አስተዳድራለሁ፣ እማማ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ እንደ ምሳ ዕቃ ለብቻው ይታሸጋል፤ ኮንቴይነር እንለዋለን። በላያቸው ደግሞ እንደ ምግብ ቤት አለቃ ያለ ተቆጣጣሪ አለ። ኮንቴይነሮቹ አስተናጋጆቹ ናቸው፤ አምስት ይኑሩ ከተባለ፣ አንዱ ሲወድቅ ደንበኛው ሳያውቅ ወዲያው ሌላ ይተካል።»

«ለወደቀውስ የሚያዝንለት የለም?»

«የለም። ሥራው የማይቆመውም ለዚህ ነው።»

«ወይ ጉድ! ዛሬስ ሙሽራ መስለህ ወዴት ነው?»

የሸሚዙን እጥፋት በመዳፉ ዳበሰ።

«ባለቤቴ ካረፈች ዓመት ሞላት። እህቶቼ ሌላ ሴት ሊያስተዋውቁኝ ፌርማታው ላይ እየጠበቁኝ ነው።»

አውቶቡሱ ሲቆም ሁለት ሴቶች ከውጭ እጃቸውን አውለበለቡለት። እሱም ፈገግ ብሎ እጁን አነሳላቸው፤ ከመቀመጫው ግን ሳይነሳ በሩ ተዘጋ።