የተዳፋቱ ላሞች

ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል የሚመላለስ ሰው፣ ከፎቆቹ ጀርባ ላም አለ ቢሉት አያምንም ነበር። ጀሚላና ባሏ ዓብዱልሀኪም ግን ኑሯቸው እዚያው ነበር። ቤታቸው ከላይ ሜዳው ላይ ሲሆን በረታቸው ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ወገብ ላይ ነው። የዓብዱልሀኪም አባት በጉብዝናቸው ከወሎ መጥተው ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ሠርተው፣ ጎመንና ድንች ተክለው፣ ላም አርብተውበት ኖሩ። ሲሞቱ ልጃቸው ቀጠለ። ጀሚላ ከወረኢሉ ተድራ ስትመጣ አዲስ አበባ ልትኖር መስሏት ነበር፤ የጠበቃት ግን አገሯ ትታው የመጣችው ሥራ ነው፣ ያውም ገደል ላይ።

ዓመቱን የሚያዞሩት ከብቶቹ ነበሩ። በጥቅምት የተዳፋቱን ሣር አጭደው ድርቆሽ ይከምራሉ። በጋው ሲከር ድርቆሹ ይሳሳል፣ ያኔ ፉርሽካ በጆንያ ተሸክሞ ቁልቁል መውረድ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ክርስቲያን ደንበኞቻቸው ወተት ያቆማሉ፤ ጀሚላ የተረፈውን እየናጠች ለፋሲካ ቅቤ ታደርሳለች። ለዓረፋ ከላሞቹ ጋር ከሚያረቧቸው በጎች የሰቡትን ይሸጣሉ። ከዚያ ክረምት ይመጣል።

ጀሚላ ክረምትን አትወድም። ከብቱ ሣር የሚጠግበው፣ ወተቱም የሚበዛው ያኔ ነው፤ እሷ ግን ሰማዩ ሲጠቁር ከደጅ አትጠፋም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሌላው ሰው ጆሮ ዝናቡን ይሰማል፣ የእሷ ጆሮ ከዝናቡ ሥር ሌላ ድምፅ ይፈልጋል። ባሏ «አንቺ ካልሰጋሽ ቀኑ አይመሽልሽም» እያለ ይስቅባታል።

አምና በነሐሴ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጎመን ልትቀጥፍ ወርዳ ከበረቱ በላይ መሬቱ ተሰንጥቆ አየች። ጣቷን ሰደደች፣ ገባ። እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፣ እሱም ገባ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ተጣድፋ ወጥታ ባሏን ጠራችው።

ዓብዱልሀኪም አጎንብሶ አየና በእግሩ አፈር ገፋበት። «ይሄ እኮ ጥቁር አፈር ነው። ድሮም ይሰነጠቃል።»

«በበጋ ነዋ የሚሰነጠቀው! በዚህ ዝናብ መሬት ሲሰነጠቅ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«አባቴ ዕድሜውን እዚህ ነው የጨረሰው፤ አንድ ድንጋይ አልተንከባለለበትም። ደግሞስ ወዴት ልውሰዳቸው? ቦራ ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው። መስቀል አደባባይ ላስራት?»

እውነቱን ነበር፤ ካዛንቺስ ላም የሚታሰርበት ባዶ ቦታ ካጣ ቆይቷል። ያን ቀን ሥራ እየፈጠረች ስትወርድና ስትወጣ ዋለች፤ በሄደች ቁጥር ስንጥቁ የሰፋ ይመስላታል፣ መልሳ ደግሞ ዓይኔ ነው ትላለች።

አርብ ጠዋት ግን የበረቱ በር አልዘጋ አለ። ትናንት የሚዘጋ በር ነው። ዓብዱልሀኪም «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው» አለና በትከሻው ገፍቶ ተወው። ወደ ቀትር ላይ ዉዱእ አድርጎ ጁምዓ ሊሰግድ ሲወጣ፣ ጀሚላ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ዛሬ እንኳ አትሂድብኝ።»

«ስመለስ እናየዋለን» አላትና ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ጀመረ። ጀሚላ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ የጎረቤቷን የአቶ አስገዶምን በር አንኳኳች። አስገዶም ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ግቢያቸው ሰፊና ሲሚንቶ የተለሰነ ነው። በበረቱ ጠረንና በዝንቡ ለዓመታት ሲያማርሩ ስለኖሩ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር።

«ጋሼ አስገዶም፣ ከብቶቹን ግቢዎ ላስገባ። መሬቱ ተንዶ ሊሄድ ነው።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም፣ እኔ ነኝ የምለው። ካልሄደ ግቢዎን አጥቤ እወጣለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ይሳቁብኝ።»

ሰውዬው ወደ ሰማዩ አዩ፤ ከዚያ በአጥሩ ሥር ወደተደረደሩት ጽጌረዳዎች ዞሩ። ሟች ባለቤታቸው የተከለቻቸው ናቸው። «አበባዋን ይበሉብኛል» አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ግን የትልቁን በር መቀርቀሪያ ሳቡት። «ሂጂ፣ አምጫቸው።»

በጎቹ አላስቸገሩም፤ አንዷ ስትወጣ ሌሎቹ ተከተሉ። ሌሎቹ ሁለት ላሞችም እያንሸራተታቸው ወጡ። ቦራ ግን በረቱ ውስጥ ተኝታ አቃሰተች። ምጥ ይዟታል።

ጀሚላ ለባሏ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደምበል አካባቢ ቢሮ ለምትሠራው ልጇ ለሃያት ደወለች። ሃያት በምሳ ሰዓቷ ታክሲ ይዛ፣ የቢሮ ጫማዋን እንዳደረገች ጭቃው ውስጥ ወረደች።

«እሚ፣ በቃ ተያት! ማለቴ ላሟ ትቅር፣ አንቺ ውጪ!»

«ከኋላ ግፊያት ነው የምልሽ!»

አስገዶም ጥላ ይዘው ብቅ አሉ። ጥቂት አዩና ጥላውን ጥለው ገመዱን ያዙ። አንዱ ሲስብ ሌላዋ ስትገፋ፣ ጀሚላ ጆሮዋ ሥር ስሟን እየጠራች ስታባብላት፣ ቦራ ተነሣች። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንበረከከች። ሁለቱንም ጊዜ ጀሚላ ወደ ኋላዋ ማየት አልደፈረችም።

ግቢው ውስጥ ገብተው ገና ገመዱን ሳይፈቱ፣ ከታች የከባድ መኪና አሸዋ ሲገለበጥ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ረጅም አልነበረም። ቀጥሎ የቆርቆሮ ጩኸት መጣ፣ ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ዓብዱልሀኪም ከሶላት ሲመለስ ሰው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰብስቦ አገኘ። በረቱ የለም። እርከኑ የለም። ከተዳፋቱ ወገብ እስከ ወንዙ ጥቁር ጭቃ ነው። «ጀሚላ!» እያለ ቁልቁል ሲወረወር ጎረምሶች ወገቡን ይዘው አስቀሩት። «እዚያ ውስጥ ናት፣ ልቀቁኝ!» እያለ ሲታገላቸው ድምፁን የሰማችው ሃያት ሮጣ ወጥታ አቀፈችው።

አስገዶም ግቢ ይዛው ስትገባ ጀሚላን ከቦራ ኋላ ተንበርክካ፣ ክንዷ በደምና በጭቃ ተለውሶ አገኛት። ዝናቡ እየወረደበት ሲሚንቶው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ተነሥና ያዝልኝ» አለችው ዞር ሳትል። «አንድ እግሩ ወደ ኋላ ቀርቷል።»

አብረው ሳቡ። ጥጃው ወጣ፤ ጀሚላ አፍንጫውን ጠርጋ ደረቱን በጆንያ እስክታሸው ድረስ አልተነፈሰም ነበር። ከዚያ አስነጠሰ። አስገዶም «ተመስገን» አሉ፣ ሃያት አለቀሰች።

ቦራ ግን ከተኛችበት አልተነሣችም። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መርፌ ወጋት፣ አልሆነም፤ እሑድ ሞተች። ጀሚላ ዳገቱን ባላስወጣኋት ኖሮ እያለች ራሷን ወቀሰች። በጭንቅ ላይ ያለችን ላም በገመድ የጎተተችው እሷ ናት። ባሏ ይህን ሲሰማ «እዚያማ ብትቀር ጥጃውም አይተርፍም ነበር» አላት፤ አንገቱን ደፍቶ ደግሞ «አንቺም» አለ።

ጥጃው ከቀሩት ላሞች በአንዷ ወተት አደገ። አስገዶም ጽጌረዳዎቹ ተግጠው አልቀውባቸዋል፤ ከብቶቹ ዝናቡ እስኪያበቃ ይቆዩ ያሉት ግን ራሳቸው ናቸው። ተዳፋቱ ላይ ሰው ድርሽ እንዳይል ታጠረ። ከመስቀል በኋላ ከብቶቹ ተጭነው ሱሉልታ ዳር የተከራዩት ቦታ ሄዱ፤ ዓብዱልሀኪም በየጠዋቱ ከካዛንቺስ ታክሲ እየተሳፈረ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል።

ዘንድሮ ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ጀሚላ ኡራኤል አካባቢ ወተት አድርሳ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

«እዚህ ሰማዩ ከብዷል። ምን ይመስልሻል?»

«የት ነው ያሰርካቸው?»

«ዳገቱ ሥር።»

«ወደ ሜዳው አውጣቸው።»

«እሺ» አለና ሳይከራከራት ዘጋው። ያን ቀን ሱሉልታ ካፊያ ጥሎ አለፈ፣ ምንም አልሆነም። ጀሚላ ግን ታክሲው መስኮት ጥግ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከሰሜኑ ደመና ሳታነሣ፣ መልሶ እስኪደውል ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።