የአራት ጎማ ግብር

አባቴን ደበሌን መኪና ያስገዛው ጅራፍ ነው። ጣሊያን ቡታጅራን ከያዘ በኋላ መንገዱ ላይ ኬላ አቁሞ፣ የጭነት ከብት በአዲሱ ጥርጊያ እንዳያልፍ ከለከለ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ የነገደ ሰው ነውና ትእዛዙን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ጀርባው እስኪተለተል ገረፉት። በቅሎዎቹንም ግንባር ግንባራቸውን በጥይት እያሉ እዚያው ጣሏቸው። እናቴ አሰፋሽ ከቁስሉ ጋር የተጣበቀውን ሸሚዝ በሞቀ ውሃ እያራሰች ስታላቅቅለት፣ «ከእንግዲህ በመኪና ነው» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ንግዱን ይተው ነበር፤ የእኔ አባት ግን ግትር ነው።

ገንዘቡን ያዋጣው ከጎረቤታችን ከከድሮ ጋር ነው። ከድሮ የስልጤ ሰው፣ ሙስሊም፣ በሐዘን ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ቀልደኛ ነበር። ከአባቴ ጋር ጉርዳ ነበራቸው። ጉርዳ ሁለት ሰዎች ላይካካዱ የሚማማሉት መሐላ ነው። እነሱ የማሉት ደግሞ አንዳቸው ቢሞት የሟቹ ቤተሰብ ከቀሪው ቤተሰብ ሊቀድም ነው። ጉርዳ ያፈረሰ ዘሩ አይበረክትም ይባላል።

አዲስ አበባ ሄደው ሁለት መኪና አማረጡ። አንዱ ትልቅ ባለ ስድስት ጎማ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ሌላዋ ኋላዋ አጭር የሆነ ባለ አራት ጎማ ትንሽ ጭነት መኪና። ትልቁ ስላረጀ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር።

«ትልቁን እንውሰድ፤ ገበያውን ጠራርጎ ይጭንልናል» አለ ከድሮ።

«ግብሩንስ? የሚከፈለው እኮ በጎማውና በክብደቱ ነው» አለ አባቴ። «ይሄ ቢጭንም ባይጭንም ቆሞ ይበላናል። ለጣሊያን ስንገብር ልንኖር ነው?»

ከድሮ ሳቀና ተስማማ፤ ትንሿን ገዙ። ሂሳቡን እኔም ካደግሁ በኋላ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ስህተት የለበትም። ትልልቁን የገዙት ነጋዴዎች ግብሩ አራቁቷቸው መኪናቸውን ጥለው ገብተዋል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቢሳሳት ኖሮ እፎይ ብዬ እረግመው ነበር።

ግብር ለከፈለ መኪና መስተዋቱ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይለጠፍለታል። አንድ የገበያ ቀን አባቴና ከድሮ ከእንሴኖ ሲመለሱ አርበኞች ከጫካ ወጥተው አስቆሟቸው። «ለጠላት የጥይት መግዣ ትገብራላችሁ!» ብለው ከድሮን በሰደፍ አፉን ሲሉት ጥርሱ ረገፈ። ወረቀቱንም በጩቤ ፍቀው ወሰዱት። ኬላው ሲደርሱ ነጩ ሹም ባዶውን መስተዋት አየና ወረቀቱ የት እንዳለ በአስተርጓሚ ጠየቀ። ሽፍታ ወሰደው ቢሉት፣ «ሰጣችሁት እንጂ! ማነው የሰጠው?» ብሎ ጮኸ።

አባቴ አፉን ሳይከፍት ከድሮ ቀደመው። «እኔ ነኝ» አለ፣ ደሙን እየተፋ።

ከኬላው ግድግዳ ጋር አቁመው ደረቱን በጥይት መቱት። ቶሎ ስላልሞተ አንድ አስካሪ ቀርቦ ጭንቅላቱን ደገመው። ከዚያ አባቴን ግብሩን እንደገና አስከፍለው፣ አዲስ ወረቀት ለጥፈው፣ እለፍ አሉት! አስተርጓሚው ሲያልፍ ጠጋ ብሎ፣ «የሟቹን ቤት ዛሬውኑ ያቃጥሉታል፤ ቤተሰቡን አሽሽ» አለው።

የእኛና የከድሮ ቤት በአንድ አጥር ነው። አባቴ በጓደኛው ደም ተለውሶ ገብቶ ምንም ሳያስረዳ ሰው መጫን ጀመረ። የከድሮን ሚስት ሃሊማን፣ አሮጊት እናቱን ሳፊያን፣ ልጆቹን ሁሉ ጫነ፤ ቀጥሎ እናቴንና እኔን። ከእንሴኖ ወዲያ ወደ ሃሊማ አባት አገር ሊያደርሰን ነበር። ገና ከሰፈሩ ሳንርቅ ከኋላችን ተኩስ ተሰማ፤ ጭሱም ወጣ።

መንገዱን የሚያቋርጠውን ወንዝ ተሻገርን፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አቀበት ግን እምቢ አለ። መኪናዋ ትንሽ ትወጣና እያሳለች ወደ ውሃው ትመለሳለች። ዕቃውን ሁሉ ወረወርን፤ ለውጥ የለም። የወታደሮቹ ካሚዮን ድምፅ እየቀረበ መጣ። አባቴ ዞሮ እናቴን አያት።

«አሰፋሽ፣ ውረጂ።»

«እሌኒስ?» አለችው፣ እኔን እያቀፈች።

«እሷም። እነዚህን አድርሼ እመለሳለሁ።»

«እኔ ልውረድ!» ብላ ሃሊማ ተነሳች። አባቴ ገፍትሮ አስቀመጣት። «ከድሮ ምን ይለኛል?» አለ።

እናቴ አላለቀሰችም። «ሂድ፤ ጉርዳህን አድርስ» አለችው። ወርደን ከኋላ ገፋን፤ መኪናዋም ቀለል ብሏት ወጣች።

ወንዙ ዳር ወዳለው ቁጥቋጦ ስንሮጥ ካሚዮኑ ከወዲያ ማዶ ቆመ። እናቴ እኔን ከፊቷ እየገፋች ነበር። ጥይቱ አንገቷን አገኛትና ላዬ ላይ ወደቀች። አስካሪዎች ተሻግረው መጥተው እሷን በሳንጃ ወጉ፤ ከሥሯ ያለሁትን እኔን አላዩም። ደሟ አፌ ውስጥ ሲገባ ነጠላዋን ነክሼ ዝም አልኩ። ትንፋሿ ቶሎ አልቆመም። እነሱ ሲስቁ ይሰማኛል፤ ከዚያ ተመለሱ።

አባቴ ጀንበር ሳትጠልቅ ባዶ መኪናውን ይዞ መጣ። እናቴን አይቶ ባለበት ቆመ። እኔ ሞተር ማስነሻውን ብረት አነሳሁና ትከሻውን መታሁት፤ ክንዱን፣ ጎኑን መታሁት። እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሳም። «ምቺኝ ልጄ» ይለኛል። እስኪደክመኝ መታሁት። በአባቴ ላይ እጄን በማንሳቴ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ከዚያ እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን አነሳናት። ኋላው ላይ አስተኝተናት፣ እኔ አጠገቧ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬም ቦታ ተረፈ። አቀበቱንም መኪናዋ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስል ወጣችው።